ቀዳዳውን የሚሠራው ጨው፦ የፒ.ኤል.ጂ.ኤ ስፖንጅ አዘገጃጀት

ፒ.ኤል.ጂ.ኤ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ፈራርሶ የሚጠፋ ፖሊመር ነው። ቀዶ ሐኪሞች ዘመዱን ያውቁታል፤ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ቫይክሪል የተባለው የስፌት ክር ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የአጥንት ሕዋስ እንዲያድግበት ግን በቀዳዳ የተሞላ መሆን አለበት። እንደ እንጀራ ዓይን ከላይ ተከፍቶ ከታች የተደፈነ ቀዳዳ አይበቃም፤ ምግብና ኦክስጅን እስከ መሃል እንዲደርሱ አንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው መዝለቅ ይኖርበታል። ይህን የሚወስነው ጨው ስለሆነ ሥራው ከጨው ይጀምራል።

ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ አድርቁና በሁለት ወንፊት ንፉ። በ425 ማይክሮሜትሩ አልፎ በ250ው ላይ የቀረውን 9 ግራም መዝኑ። የቅንጣቱ ልክ የቀዳዳው ልክ ነውና አትቸኩሉ።

ቀጥሎ 1 ግራም ፒ.ኤል.ጂ.ኤ በ10 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም አሟሙ። የክሎሮፎርም ትነት መርዛማ ነው፤ አየር መሳቢያ በሌለበት ክፍል ፈጽሞ አትሞክሩት። ዕቃው ሁሉ የብርጭቆ ይሁን።

ጨውን 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሳህን አስተካክላችሁ በትኑና ፈሳሹን አፍስሱበት። ጨው በክሎሮፎርም ስለማይሟሟ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የጨው ድርሻ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ቅንጣቶቹ አይነካኩም፤ ቀዳዳዎቹም ተነጣጥለው ይቀራሉ። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ደግሞ ፈሳሹ ከውስጥ ተንኖ ለመውጣት ይቸገራል። ሳህኑን ላላ አድርጋችሁ ክደኑ፤ 24 ሰዓት ካደረ በኋላ በቫኩም አድርቁት።

አሁን ጨውን አውጡ። የደረቀውን ቁራጭ በብዙ የተጣራ ውሃ ውስጥ ለ48 ሰዓት ንከሩ፤ ውሃውንም በየ8 ሰዓቱ ቀይሩ። ውሃው የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፤ ከሞቀ ፖሊመሩ ይለሰልስና ቀዳዳው ይደፈናል። በመጨረሻው ውሃ ላይ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ጨምሩ፤ ነጭ ዝቃጭ ከታየ ጨው ገና እየወጣ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ማረጋገጫ ሚዛን ነው። ስፖንጁ በቫኩም ደርቆ ወደ 1 ግራም ካልተመለሰ የተቀበረ ጨው አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳዎቹም አልተገናኙም።

ለማምከን አውቶክሌቭ አትጠቀሙ፤ በ121 ዲግሪ ቅርጹ ይጠፋል። ለላቦራቶሪ ሙከራ በ70 በመቶ ኤታኖል ንከሩና በጸዳ የጨው ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ፖሊመሩ ውሃ ስለሚሸሽ ኤታኖሉ ቀዳዳዎቹን ለማርጠብም ይረዳል። በዚህ መንገድ የተሠራው ለምርምር እንጂ በሕመምተኛ ላይ የሚውል አይደለም። የተረፈውን እርጥበት ከሚመጥጥ ነገር ጋር አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፤ እርጥበት ካገኘው መደርደሪያ ላይ ሳለም መፈራረስ ይጀምራል።