ያነበቡትን ማስተዋል፣ የቈጠሩትን ማወቅ
ስለ ንባብና ሒሳብ ትምህርት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ጥናት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፣ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሰረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ፊልጶስ አስቀድሞ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው። ጃንደረባው ማንበቡን ያውቃል፤ የጎደለው የሚመራው ሰው ነበር። ብዙዎቹ ልጆቻችን ግን ገና ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ ቆመዋል። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ በሮቢትና በራያ ቆቦ ቆላ ትምህርት በተደጋጋሚ ተቋርጧል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከአካባቢው ደረሰ። በደኅናው ጊዜም ቢሆን ማሽላው ሲያሸት ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ይጠብቃል። እንግዲህ ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ንባቡ ገና በሁለተኛ ክፍል ደረጃ ያለ ልጅ ብናገኝ፣ ነገሩን በስንፍናው ልናመካኝ አይገባንም። የዚህ ጥናት ፍሬ ነገርም ይህ ነው፦ ልጅን ማስተማር የሚገባን ከተመዘገበበት ክፍል ሳይሆን በእርግጥ ከደረሰበት ተነሥተን ነው።

፩. ንባብ

ይህ ሐሳብ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት ልጁ ከፊደል ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም ወደ ወንጌለ ዮሐንስና ወደ መዝሙረ ዳዊት የሚሻገረው ዕድሜው ስለ ደረሰ ሳይሆን መምህሩ ሰምተው ስላሳለፉት ነው።

አባቶቻችን ሌላም ነገር አስተውለዋል። ልጅ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ተራውን በቃሉ ሊወርደው ይችላል፤ ከመካከል አንዱን ፊደል ቢያሳዩት ግን ይጠፋበታል። አቡጊዳ ይህን ይገልጣል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ፊደሉም ድምፁም በየደረጃው ስለሚለዋወጥ፣ ልጁ በዜማ ልማድ ሊያመልጥ አይችልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ አለበት። የአማርኛው ገበታ 33 ፊደላት በ7 ድምፅ፣ በድምሩ 231 ሆሄያት ስላሉት ይህ ማጣሪያ ዛሬም ያስፈልጋል። የአንደኛ ክፍል መምህር ፊደሉን በሰንጠረዡ ተራ ብቻ ሳያስጠራ እያቀላቀለ ቢያስጠራ፣ ማን በእርግጥ እንዳወቀ ወዲያው ይለያል።

ነገር ግን በአንድ ነገር ልንጠነቀቅ ይገባል። በንባብ ቤት ልጁ ግዕዙን አጥርቶ ያነባል፤ ምሥጢሩን የሚያገኘው ግን ቆይቶ በትርጓሜ ቤት ነው። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ እስከዚያ መቆየት አይችልም፤ በማግሥቱ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምንባብ በኋላ «ማን? የት? ለምን?» ብለን እንጠይቀው፤ ታሪኩንም በራሱ ቃል ይንገረን።

፪. ሒሳብ

«መቶ አምስት» ጻፍ የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ 1005 ብሎ ይጽፋል። የሰማውን በቅደም ተከተል 100፣ ቀጥሎም 5 አድርጎ መጻፉ ነው። በግዕዝ አኃዝ ቢሆን ፻፭ ብሎ በትክክል በጻፈ ነበር፤ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውምና። ሁለቱን አጻጻፎች ጎን ለጎን ጽፎ በ105 ውስጥ ዜሮ የባዶውን የዐሥር ቤት እንደሚጠብቅ ማሳየት፣ ልጁን ከመቅጣት ይልቅ ያስተምረዋል። ለመደመርና ለመቀነስ ደግሞ ጠጠር፣ የማሽላ ፍሬና ገበጣ በእያንዳንዱ መንደር ይገኛሉ።

በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የመጀመሪያ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ናቸው። ልጁ ወደ መካከለኛ ደረጃ ሲሻገር ንባብና ሒሳብ ይገናኛሉ። «አንድ ገበሬ 340 ኪሎ ሽንኩርት ለአራት ነጋዴዎች እኩል ቢያከፋፍል» የሚለውን ጥያቄ የሚስት ተማሪ ማካፈል ሳያውቅ ቀርቶ ላይሆን ይችላል፤ «እኩል» የምትለውን ቃል አላነበባት ይሆናል።

ለማካፈል ልምምድ የባሕረ ሐሳብ ስሌት መልካም ምሳሌ ነው። 5500 ሲደመር 2017፣ 7517 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ዓመቱም ዘመነ ማቴዎስ ነው። 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ቀሪን በዚህ ቢለማመዱት አይረሱትም።

፫. የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ሀ. መለየት፦ ከርእሰ መምህሩና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር በመመካከር እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ማስነበብ። ፊደል፣ ቃል፣ ዓረፍተ ነገርና አጭር ምንባብ የተጻፈባቸው አራት ካርዶች ይበቃሉ። ዓላማው መርዳት እንጂ ማሳፈር አይደለም።

ለ. በደረጃ መመደብ፦ በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት እንዳስለመደው፣ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው አሰባስቦ ማስተማር።

ሐ. ጊዜውን መዋጀት፦ በወፍ ጥበቃና በአጨዳ ወራት የማጠናከሪያውን ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር መወሰን። ስለዚህ ጉዳይ የንስሐ አባት ለወላጅ የሚናገረው ቃል ይሰማል።

መ. ለሁሉም ማድረስ፦ በሮቢት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ክፍል ይማራሉ። ስለዚህ ማጠናከሪያው በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ፣ በመማሪያ መጽሐፉ ይሰጥ፤ ማንም ልጅ በደጅ አይቅር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ካሉ የአራተኛ ክፍል ልጆች አጭር ምንባብ አንብበው የሚያስረዱት ስንቶቹ ናቸው? በጆሯችን ሰምተን አረጋግጠናልን?
2. ንባብ ያስተማሩ መምህራንና ዲያቆናት ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋር ልምዳቸውን የሚለዋወጡት እንዴት ነው?
3. በመጪው የአጨዳ ወቅት ከትምህርት የሚቀሩት እነማን ናቸው? ማንስ ይጠይቃቸዋል?