የበር ላይ ማንጠልጠያ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ወይም ባለአንድ መኝታ ቤት ለሚኖር ሰው የበር ጀርባ ትልቅ ቦታ ነው። ከበሩ አናት ላይ በብረት ቆልማማ የሚንጠለጠለው ባለኪስ ማስቀመጫ ጫማውን፣ ሻርፑንና ቦርሳውን ከወለል ያነሳል። ሻጩም «ሚስማር አይፈልግም፣ በሩን አይጎዳም» ይላል። ሚስማር አለመፈለጉ እውነት ነው። በሩን መጉዳት አለመጉዳቱ ግን የሚወሰነው በራሱ በበሩ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከመምረጥዎ በፊት በሩን ይመርምሩ።

1. በሩ ከምን ተሠራ?
መሃሉን ያንኳኩት። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ጣውላ ሊሆን ይችላል። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ግን ሁለት ስስ ገበታዎች መሃል እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ካርቶን የገባበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው በር ድፍን እንጨት ያለው በዙሪያው ጠርዝና በቁልፉ አካባቢ ነው። ከአናቱ የሚንጠለጠል ቀላል ዕቃ ይሸከማል፤ መሃሉ ላይ የገባ ብሎን ግን ገበታውን ይዞ ይነቀላል። የላሜራ በር ከሆነ ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ይበቃዎታል። ቀለሙ ከተፋቀ ዝገት ስለሚጀምር ከማንጠልጠያው ሥር ስስ ጎማ ያድርጉ።

2. በበሩና በመቃኑ መካከል ስንት ክፍተት አለ?
ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ቆልማማው በበሩ አናት ላይ ስለሚያልፍ ክፍተቱ ከጠበበ በሩ በተዘጋ ቁጥር መቃኑን ይፍቃል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ጠርዙም ይሰረጉዳል። መለኪያው ቀላል ነው። የቢሮ ወረቀት 10 ሲደራረብ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ወረቀቱን እንደ ቆልማማው በበሩ አናት ላይ አሳልፈው ወደ ሁለቱም ጎን ያጥፉና ቀስ ብለው ይዝጉ፤ እስኪነካ ድረስ እየጨመሩ ይቁጠሩ። 20 ወረቀት ሳይነካ ካለፈ 2 ሚሊ ሜትር አለዎት ማለት ነው፤ የሚገዙት ብረት ከሥሩ ከሚገባው ጎማ ወይም ስፖንጅ ጋር ከዚያ መሳሳት አለበት። ቆልማማው በሚያርፍባቸው ቦታዎች ሁሉ ይለኩ፤ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ላይሆን ይችላል።

3. የበሩ ውፍረትስ?
የክፍል በር አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቁምሳጥን በር ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ለክፍል በር የተሠራ ቆልማማ ቁምሳጥን ላይ ይላላል፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋም እየተንገላታ ይፍቃል። ቁምሳጥን ከሆነ በተዘጋው በርና በመደርደሪያው መካከል ያለውን ርቀትም ይለኩ፤ ኪሱ ሲሞላ መደርደሪያውን የሚገፋ ከሆነ በሩ አይገጥምም።

4. ማጠፊያው ይችላል?
በሩን በከፊል ይክፈቱና እጀታውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱት። ከተንቀሳቀሰ የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ላልቷል፤ መጀመሪያ በካቻቪቴ ያጥብቁት። ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ የእንጨት ስንጥር በኮላ ሞልተው ሲደርቅ መልሰው ያጥብቁ። አሁኑኑ ወለል የሚፍቅ በር ላይ ግን ምንም አይጨምሩ።

5. ምን ያህል ይጭናሉ?
የአዋቂ ጫማ ጥንዱ 1 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ 12 ጥንድ ወደ 10 ኪሎ ይሆናል። የሚሰቅሉትን ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ ከተው ይመዝኑ፤ ዕሽጉ ላይ ከተጻፈው መጠን አይለፉ። ክብደት ከማጠፊያው በራቀ ቁጥር የላይኛውን ማጠፊያ ይበልጥ ስለሚስብ ከባዱን በማጠፊያው በኩል፣ ቀላሉን በእጀታው በኩል ያድርጉ። የታችኛው ጫፍ እየተወዛወዘ ቀለሙን እንዳይመታ ከጀርባው ስፖንጅ ይለጥፉ። ልጆች ካሉ በረኪናና መድኃኒት በታችኞቹ ኪሶች አይቀመጥም።

6. በማጣበቂያ ለመስቀል አስበዋል?
መጀመሪያ ስኮች ለጥፈው ይላጡት። የቀለም ቅርፊት ይዞ ከመጣ ማጣበቂያውም እንደዚያው ያደርጋል። ቀለሙ ጠንካራ ከሆነ ቦታውን በአልኮል ያጽዱ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ለጥፈው 30 ሰከንድ ያህል ይጫኑ፤ ዕቃ የሚሰቅሉት ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። ተስቦ የሚላቀቀውን ዓይነት ሲያነሱ ጭራውን ወደ ራስዎ ሳይሆን በሩን ተከትለው ቀጥ አድርገው ወደ ታች ቀስ ብለው ይሳቡ።

7. በሩ የማን ነው?
ተከራይ ከሆኑ ብሎን ከማስገባትዎ በፊት አከራዩን ያስፈቅዱ፤ የበሩንና የመቃኑን ፎቶም ቀድመው ያንሱ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም። በዚህን ያህል ጊዜ በየቀኑ የሚፋቅ መቃን ሲያስረክቡ በግልጽ ይታያል።

ውሳኔው
ክፍተቱ በቂ፣ ማጠፊያው ጠንካራ፣ ዕቃው ቀላል ከሆነ ያለ ሥጋት ይግዙ። ክፍተቱ ብቻ ከጠበበ በማግኔት ወይም በማጣበቂያ የሚይዝ ትንሽ ማንጠልጠያ ይምረጡ። ክብደቱ ከበዛ ግን ለጫማው ወለል ላይ የሚቆም መደርደሪያ ገዝተው በሩን ለሻርፕና ለቀበቶ ይተዉት፤ የመደርደሪያው ዋጋ መቃን ከማሳደስና በር ከማስቀየር ያንሳል።