ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የቤት ኪራይ ይቀንሳል?

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ኢኮኖሚ ዘገባ ስንወያይ አንድ ጓደኛችን «ኢኮኖሚው ትንሽ ቢቀዘቅዝ እኮ ለተከራይ ይሻለዋል» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔ ግን ነገሩን ይዤው ቤት ገባሁ። ቤት ስል ቤተሰቦቼ የተከራዩትን ሁለት ክፍል ማለቴ ነው። ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ ዕቃ ጭነናል።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሰው ሥራ ሲያጣና ባንክ ብድር ሲከለክል ገዢ ይጠፋል፣ ዋጋ ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል አየርላንድን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ድረስ የደብሊን ቤት ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። በ2008 ባንኮቹ ሲንገዳገዱ ዋጋው ይበልጥ ወረደ፤ በ2013 መጀመሪያ ላይ ከነበረበት በግማሽ ያህል ቀንሶ ነበር። የጓደኛችን ምኞት ተሳካ ማለት ነው። ነገር ግን በ2012 የሥራ አጡ ቁጥር ወደ 15 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ቤቱ በግማሽ ቢረክስ ደመወዝ የሌለው ሰው ምን ሊጠቅመው? ባንኩም አያበድረውም። ርካሹን ቤት የገዛው ጥሬ ገንዘብ የነበረው ነው።

ከዚህ የባሰው ግን በኋላ የመጣው ነው። በ2006 በአገሪቱ ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ተሠርተው ነበር፤ በ2013 ግን 10 ሺህ እንኳ አልሞሉም። መንግሥትም በጀት ሲያጥረው ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የሚሠራውን ቤት ቀነሰ። ግንበኛውና አናጢው ወደ አውስትራሊያና ካናዳ ተሰደደ። ኢኮኖሚው ሲያገግም ሥራው ተመለሰ፣ ሰውም ወደ ከተማ ጎረፈ፣ ቤት ግን የለም። በ2019 ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ይኖሩ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ደግሞ ያ የመጀመሪያው ርካሽነት ራሱ መምጣቱን እጠራጠራለሁ። ደብሊን ላይ ዋጋውን ያሳበጠው በአብዛኛው የባንክ ብድር ስለነበር ብድሩ ሲቆም ዋጋው ተነፈሰ። እኛ ጋ ግን ብዙ ሰው ቤት የሚሠራው ወይም የሚገዛው በቁጠባው፣ በዕቁቡና ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሚልክለት ገንዘብ ነው። ዕዳ የሌለበት ባለቤት ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ለመሸጥ አይጣደፍም። ቆልፎት ይጠብቃል። ደግሞም ቤት ለኛ ሰው መኖሪያ ብቻ ሳይሆን ብር ሲረክስ ገንዘብ የሚሸሸግበት ቦታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ብረት፣ አሉሚኒየምና የኤሌክትሪክ ገመድ በዚሁ ዶላር ነው የሚገባው። እንግዲህ ኢኮኖሚያችንን የሚያመው በሽታ ራሱ ቤቱን የሚያስወድደው ከሆነ ከበሽታው መድኃኒት እንዴት ይጠበቃል?

ሌላም ነገር አለ። አከራይ ሲባል ሁልጊዜ ሀብታም የሚመስለን ሰዎች አለን። ከዚህ በፊት የነበርንበት ግቢ ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ የሚተዳደሩትም በሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይ ነበር። ጭማሪውን ለእናቴ ሲነግሯት «ልጄ፣ የጤፉንና የዘይቱን ነገር እያየሽው ነው፤ እኔስ በምን ልኑር?» ነው ያሏት። እናቴ መልስ አጣች። እኛን ያስወጣን የገበያው መሞቅ ሳይሆን የኑሮው መክበድ ነበር። ችግሩ እሳቸውንም እኛንም እኩል ይዞን ነበር፤ ልዩነቱ እሳቸው ኪራይ መጨመር ይችላሉ፣ አባቴ ግን ደመወዙን መጨመር አይችልም።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ተከራይ ትንሽ ፋታ ያገኘው በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ኪራይ መጨመርና ማስወጣት ስለተከለከለ ነው፤ ገበያው ስላዘነለት አይደለም። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅም ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ጥሩ ነው፣ ግን አንድም አዲስ ክፍል አይሠራም።

ትልልቆቹ አፓርታማዎች ምናልባት ይረክሱ ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን የባሕር ዛፍ መወጣጫው ሳይነሳ ሥራው የቆመ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። ዘበኛው ከሚስቱና ከልጁ ጋር ምድር ቤቱን በቆርቆሮ ከልሎ ይኖራል። በዚያ ሕንፃ እስካሁን ቤት ያገኘው እሱ ብቻ ነው።