ብስክሌት ላይ ዕቃ እንዴት ይጫናል?

አህያ መጫን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ጎን ከብዶ ሌላው ከቀለለ ጭነቱ ያጋድላል። የብስክሌት ጭነትም ሕጉ ይኸው ነው። ልዩነቱ አህያ በአራት እግሯ ትቆማለች፤ ብስክሌት ያለው ግን ሁለት ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ማጋደል እንኳ ሰውን ይጥላል።

በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ ሩቅ እርሻ ሄደን እናድራለን፤ አንዳንዴም እንሰነብታለን። ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ምን እንያዝ? እንዴትስ እንጫን?

አጫጫን

ከኋላ ጎማ በላይ ባለው ብረት ላይ ጆንያ መከመር ጥሩ አይደለም። ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ብስክሌቱ ይንገዳገዳል። ይልቅስ ዕቃውን በሁለት ከረጢት እናካፍል። ከረጢቶቹን በእጃችን አንሥተን ክብደታቸውን እናመዛዝን። ከዚያም ግራና ቀኝ ዝቅ አድርገን እንሰር። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን።

ለማሰሪያ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ፣ ጥሩ ነው። ስለሚለጠጥ መንገዱ ቢያንገጫግጭም ቶሎ አይላላም። የማሰሪያው ጫፍ ግን ተንጠልጥሎ አይቅር። በካቴናው ወይም በጎማው ሽቦዎች መሃል ከገባ ጎማውን ይይዘዋል፤ ሰውም ይወድቃል። መሪው ላይም ከባድ ዕቃ አናንጠልጥል፤ መሪው አልታዘዝ ይላል።

ከመነሣታችን በፊት ጎማውን ጠንከር አድርገን እንንፋ። ፍሬኑንም እንሞክር። የተጫነ ብስክሌት እንደ ባዶው ቶሎ አይቆምም።

ስንቅ

ከሁሉ በፊት ውኃ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል። ውኃ ያጣ ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ ሲብስም ይወድቃል፤ ሊሞትም ይችላል። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ጭነቱ ከበደን ብለን ውኃ አንቀንስ፤ ልብስ እንቀንስ። በሶና ቆሎ ቀላልና የማይበላሽ ስንቅ ነው። ጎማ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ የጎማ ቁራጭና መፍቻም አይረሱ። በረሃ ላይ ጎማ ቢተነፍስ ጠጋኝ አይገኝም።

ማደሪያ

አጎበር ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በሌሊት ነው። በቆላችን ካላዛር የሚባል በሽታም አለ። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች። በዋልካ መሬት ስንጥቅ፣ በኩይሳና በግራር ዛፍ አካባቢ ትገኛለች። ስለዚህ ሌሊት ከግራር ሥር ወይም ከኩይሳ አጠገብ አንተኛ። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ዘርግተን እንተኛ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከጉዞ ተመልሰን ትኩሳት ከያዘን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የካላዛር ምርመራ እንጠይቅ።

ጭነት ሲበዛ

በቬትናም አገር በ1946 ዓ.ም. በዲየን ቢየን ፉ ጦርነት ጊዜ ሕዝቡ ስንቅና ጥይት በብስክሌት አጓጉዟል። አንዱ ብስክሌት ከ200 ኪሎ በላይ ይጫን ነበር። ሰዎቹ ግን አልተቀመጡበትም፤ መሪው ላይ እንጨት አስረው በእግራቸው እየሄዱ ገፉት። እኛም ጭነት ሲበዛ ወይም ቁልቁለት ሲያጋጥም እንውረድና እንግፋ። መግፋት ነውር አይደለም። በክረምት ግን የዋልካ ጭቃ ጎማውን ስለሚይዘው መግፋትም አይቻልም፤ ያኔ አህያ ትሻላለች።

ከመነሣታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እንጠይቅ። የምንሄድበትንም ለቤተ ሰብ እንንገር።

ጥያቄዎች

1. ከባድ ዕቃ ከታች የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. የማሰሪያው ጫፍ ቢንጠለጠል ምን ጉዳት ያመጣል?
3. ሌሊት ከግራር ሥር መተኛት ለምን አይገባም?
4. ውኃ 10 ኪሎ፣ ስንቅ 4 ኪሎ፣ አጎበርና ብርድ ልብስ 3 ኪሎ፣ መፍቻና ጎማ መንፊያ 1 ኪሎ ቢሆኑ ጠቅላላው ስንት ነው? በየጎኑስ ስንት ኪሎ ይደርሳል?