የአሮጌ ትራክተር መብራት እንዴት ይመረጣል?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ትራክተር መብራት እንማማራለን።

በክልላችን በአቦቦ ወረዳ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ነበር። የአልዌሮ ግድብም የተሠራው ለመስኖ ነው። በዚያ ዘመን አገራችን ቤላሩስ የሚባለውን የሶቪየት ትራክተር በብዛት ትጠቀም ነበር፤ ናዝሬት (አዳማ) ላይም ይገጣጠም ነበር። እንደዚህ ያለ ትራክተር ሞተሩ ብዙ ዓመት ያገለግላል። መብራቱ ግን ቶሎ ይበላሻል፤ መስታወቱ ይሰበራል፣ ውሃና አቧራ ይገባበታል።

«ትራክተር የሚያርሰው በቀን አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ሲመሽ በመንገድ ይመለሳል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ትራክተር ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቀይ መብራት ካላየ ይገጨዋል፤ ተሳቢው ላይ ሰው ካለ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ገንዘብ ካነሰ መጀመሪያ የኋላው ቀይ መብራት ይሠራ።

አምፖል ከመግዛታችን በፊት አራት ነገር እንይ።

1ኛ. ቮልት፦ ባትሪው ላይ ያሉትን ክዳኖች ቁጠሩ። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል። 6 ክዳን ካለ 12 ቮልት፣ 3 ካለ 6 ቮልት ነው። የ12 ቮልት አምፖል በ6 ቮልት ባትሪ ደብዘዝ ይላል። የ6 ቮልቱ በ12 ቮልት ከታሰረ ግን ወዲያው ይቃጠላል።

2ኛ. ዋት፦ ገበያ ላይ «ሻማ» የሚሉት ነው። ዋትን ለቮልት ስናካፍል አምፒር እናገኛለን። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች 110 ዋት ናቸው፤ 110 ÷ 12 = 9.2 አምፒር። «ይበልጥ ይብራ» ብለን ባለ 100 ዋት ብንገጥም 16.7 አምፒር ይሆናል። ያረጀ ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ መተካትም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ኤል ኢ ዲ መብራት በትንሽ ዋት ብዙ ስለሚያበራ ለአሮጌ ሽቦ ይስማማል።

3ኛ. ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ፦ ዛሬ ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቩ ነው። በአንዳንድ ጥንታዊ ትራክተሮች ግን ፖዘቲቩ ነው። ለምሳሌ ፎርድ 8 ኤን 6 ቮልት ሆኖ ፖዘቲቩ ከብረቱ ጋር የታሰረ ነበር። የድሮው አምፖል በየትኛውም በኩል ይበራል፤ ኤል ኢ ዲ ግን ከተገለበጠ አይበራም፣ ሊበላሽም ይችላል።

4ኛ. መቀመጫ፦ የአምፖሉ እግር ልዩ ልዩ ነው። ስለዚህ የተቃጠለውን አትጣሉ፤ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩት።

አንዳንዴ አምፖሉ ደህና ሆኖ መቀመጫው ዝጎ ነው መብራቱ እምቢ የሚለው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ዝገቱና ፊውዙ ይታይ። ማስጠንቀቂያ! ባትሪ ውስጥ አሲድ አለ፤ መፍታትና ማሰር የባለሙያ ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ያወቅነውን ለቤተሰብና ለሾፌር መንገር ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 12 ቮልት ትራክተር ከፊት ሁለት ባለ 36 ዋት፣ ከኋላ ሁለት ባለ 6 ዋት አምፖሎች አሉት። ሁሉም ሲበሩ ስንት አምፒር ይወስዳሉ? ባለ 5 አምፒር ፊውዝ ይበቃል ወይስ ባለ 10?

መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አምጡ። እስከሚቀጥለው እትም ደህና ሁኑ!