«ኮንፊዳንት» እና «ኮንፊደንት»፦ በአንዲት ፊደል የሚለያዩ ሁለት ቃላት

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው የብዙዎቻችንን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ያስቀላ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ኮንፊዳንት» ይባላል፤ ትርጉሙም ምስጢረኛ፣ ማለትም የልባችንን የምንነግረው የምናምነው ሰው ማለት ነው። ቃሉን ለመጻፍ የመረጥኩት አዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን ስለተሳሳትኩበት ነው። ያውም ሁለት ጊዜ።

መግቢያ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ስለ ምርጥ ጓደኛችን አንድ ገጽ እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔም ስለ አብሮ አደጌ ጻፍሁ። ሁለታችንም ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከገብስና ከድንች አገር ወጥተን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን፣ ከቤት የመጣልንን ቆሎና በሶ እየተካፈልን ነበር የምንማረው። በጽሑፌ ላይ እሱ ለእኔ ብቻ የነገረኝን አንድ ነገር አስገባሁ። ጓደኝነታችን ምን ያህል የጠበቀ እንደሆነ ያሳይልኛል ብዬ ነው። መደምደሚያዬም «አይ አም ሂዝ ኮንፊደንት» የሚል ነበር፤ ምስጢረኛው ነኝ ለማለት።

መምህራችን ጽሑፌን ወደዱትና ለክፍሉ እንዳነብ ጠሩኝ። አነበብሁ። ስጨርስ መምህሩ ሁለቱን ቃላት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ልዩነታቸውን አስረዱን፤ ከማርኬም ግማሽ ተቀነሰ። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ የጓደኛዬ ቦታ ባዶ ነበር። መቼ እንደወጣ አላየሁም። ወደ እሱ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን ቃሉን እንየው።

የቃሉ አመጣጥ

ሁለቱም ቃላት የሚመዘዙት ከላቲኑ «ፊዴሬ» ነው፤ ማመን፣ መተማመን ማለት ነው። ከፊቱ የገባው «ኮን» የግሱን ትርጉም ያጠነክራል። ከዚያው ሥር የወጡ ብዙ ዘመዶች አሏቸው፦ እጮኛን የሚያመለክተው «ፊያንሴ» አንዱ ነው። በቴፕ ሪከርደሮች ላይ ስናነበው የኖርነው «ሃይ-ፋይ» እንኳ «ፊደሊቲ» ከሚለው ቃል ያጠረ ሲሆን፣ ድምፁን በታማኝነት ያሰማል ለማለት ነው።

ምስጢረኛ የሚለው ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ቀድሞ ለምስጢረኛም ሆነ በራሱ ለሚተማመን ሰው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያገለግል ነበር። በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ የምስጢረኛው ቃል የፈረንሳይኛውን ድምፅ ወደሚያስታውሰው በ«ኤ» ወደሚጻፈው መልክ አደላ። ስለዚህ የእኔ ስሕተት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ስሕተት ባልተባለ ነበር!

አማኝ እና ታማኝ

ልዩነቱን ለመያዝ ለእኔ የረዳኝ አማርኛችን ነው። «አመነ» ከሚለው ግስ ሁለት ስሞች እናወጣለን፤ የሚያምነው «አማኝ»፣ የሚታመነው «ታማኝ» ይባላል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። «ኮንፊደንት» የሚያምን ነው፦ በራሱ፣ በችሎታው ወይም በሚመጣው ነገር ይተማመናል። «ኮንፊዳንት» ግን የሚታመን ነው፦ ሌላ ሰው አምኖ ምስጢሩን ያስቀምጥበታል። እኛ ልዩነቱን በቃሉ መጀመሪያ ላይ እናሳያለን፤ እነሱ ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ከ«ዲ» ቀጥሎ በምትገባው ፊደል ያሳያሉ። «ኢ» ከሆነች የሚያምን፣ «ኤ» ከሆነች የሚታመን።

ችግሩ በእኛ አነጋገር ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው መሰማታቸው ነው። ስለዚህ በጆሮ ሳይሆን በሰዋስው እንለያቸው፦

1. «ኮንፊዳንት» ስም ነው። «ማይ»፣ «ሂዝ»፣ «ሄር» ከሚሉት አገናዛቢዎች በኋላ ብቻውን ሊቆም ይችላል፤ ለብዙ ሲሆንም «ኤስ» ይጨመርበታል።

2. «ኮንፊደንት» ቅጽል ነው። «ቬሪ» ወይም «ሞር» ይቀድሙታል። «ሺ ኢዝ ቬሪ ኮንፊደንት» ትክክል ነው፤ በዚህ ቦታ የ«ኤ»ውን መጻፍ ግን ስሕተት ነው።

3. ምስጢረኛዋ ሴት ስትሆን መጨረሻው ላይ «ኢ» ሊጨመር ይችላል። ንባቡ አይለወጥም። የተጨመረበትን ለወንድ መጻፍ አይቻልም፤ ያልተጨመረበት ግን ዛሬ ለሁለቱም ጾታ ያገለግላል።

4. ግሱ «ኮንፋይድ» ነው። ለሰው ሲሆን «ኢን» ይከተለዋል፦ «ሂ ኮንፋይድድ ኢን ሚ»፤ ምስጢሩን አዋየኝ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ለእኔ ነገረኝ በሚለው የአማርኛ መንገድ ሄደን «ሂ ኮንፋይድድ ቱ ሚ» እንላለን። «ቱ» የሚመጣው የተነገረው ነገር አብሮ ሲጠቀስ ነው፦ «ሂ ኮንፋይድድ ሂዝ ሲክሬት ቱ ሚ»።

ቃሉ ለማን ይገባል?

ጓደኛ ሁሉ ኮንፊዳንት አይደለም። አብሮን ካፌ የሚቀመጥ፣ ኖት የሚያውሰን፣ ኳስ የሚጫወት ጓደኛችን «ፍሬንድ» ነው። የነፍስ አባትም ኃጢአታችንን ቢሰሙም በእንግሊዝኛ «ኮንፌሰር» የሚል ሌላ ስም አላቸው። በባላገሩ ሠርግ ሙሽራይቱ እንደ ወንድም የምታየው፣ በአዲሱ ቤት የከፋትን የምታዋየው ሚዜ ግን ለቃሉ በጣም ይቀርባል።

ከሥነ ጽሑፍ ምሳሌ ብንፈልግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ምስጢረኛ ነው። አገሩ ሁሉ እንደ እብድ የሚቆጥረው ሰው ሁለቱ ልባቸውን የጣሉበት ሆነ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት በሼክስፒር «ኦቴሎ» ደግሞ ተቃራኒውን እናያለን። ኦቴሎ ኢያጎን ታማኝ ብሎ ምስጢረኛው አደረገው፤ ያጠፋውም እሱው ነው። እንግዲህ ኢያጎ በራሱ የሚተማመን ስለሆነ «ኮንፊደንት» ነው፤ «ኮንፊዳንት» የሚለውን ስም ደግሞ በማታለል ወሰደው። ሁለቱን ቃላት ለይቶ ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የዚያን ቀን ማታ ወደ ክፍላችን ዘግይቶ ገባ። ሰላም አላለኝም። ሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ክፍል እየኖርን አልተነጋገርንም። ክፍል ውስጥ አንዳንዶች በማሾፍ፣ አንዳንዶችም በማዘን ያዩት ጀመር፤ ለእሱ የኋለኛው ይብስበት ነበር። እኔ ደግሞ ጥፋቴን ቶሎ ማመን አልቻልኩም። «አመስግኜው እኮ ነው የጻፍሁት፤ ምን አጠፋሁ?» እያልኩ ራሴን እከራከር ነበር። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሳነብ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አውቃለሁ። ያ ጸጥታ የተገዛው በእሱ ምስጢር ነው።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ተገናኘንና ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ብዙ ከሄደ በኋላ «መምህሩ ያረሙህ ፊደሏን ብቻ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም፤ የያዘውን የጤፍ ከረጢት ተቀብዬው አብረን ገባን።

ዛሬ እንነጋገራለን፤ እንበላለን፤ እንስቃለን። እንደ ድሮው ሁሉንም ይነግረኛል ብል ግን እዋሻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አስነብቤው ፈቅዶልኛል። ያን ጊዜ ያነበብሁት ነገር ምን እንደነበረ እዚህ ያልጻፍሁት ግን እሱ ስለከለከለኝ አይደለም።

እንግዲህ ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ቃል ስትጽፉ ከ«ዲ» ቀጥሎ «ኤ» መኖሯን አስተውሉ። ከዚያ በፊት ግን፣ ስለ ሰው የምትጽፉ ከሆነ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ለባለቤቱ አስነብቡት።