ለረጅም የዕረፍት ጉዞ የሚስማማውን ቪዛ ስለ መምረጥ

የድሬዳዋ ነጋዴ ከወሰን ማዶ ካለው ዓለም ጋር መገናኘትን የለመደው ዛሬ አይደለም። ከተማይቱ ራስዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ናት። ይሁን እንጂ ለንግድ ጉዳይ ጥቂት ቀን ሰንብቶ መመለስና፣ ልጆችን ለመጠየቅ ወይም ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ለማረፍ ሦስትና አራት ወር በውጭ አገር መቈየት አንድ አይደሉም። ለእንዲህ ያለው ረጅም ጉዞ ብዙዎች ቪዛ የሚመርጡት ጎረቤት ያገኘውን ጠይቀው ወይም ዋጋውን አመዛዝነው ነው። ምርጫው ሊመሠረት የሚገባው ግን በሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ ይኸውም ስንት ቀን እቈያለሁ? ስንት ጊዜ እገባለሁ? ሄጄስ ምን አደርጋለሁ? የሚሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ቀን ቈጠራ

ቪዛው የሚያገለግልበት ዘመንና በአገሩ ውስጥ ለመቈየት የሚፈቀደው የቀን ብዛት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። እንግሊዝ አገር ለጎብኚ እስከ 10 ዓመት የሚያገለግል ቪዛ ትሰጣለች፤ ነገር ግን በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ መቈየትን አትፈቅድም። የአሜሪካ መንግሥትም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች የሚሰጠውን ቪዛ ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ባደረገ ጊዜ፣ 3 ወሩ የመግቢያ ቀነ ገደብ እንጂ የመቈያ ልክ አልነበረም። የመቈያውን ቀን የሚወስነው በመግቢያው በር ላይ ያለው ሹም ነው።

ኢጣልያ፣ ፈረንሳይና ጀርመን የሚገኙበት የሼንገን ማኅበር 29 አገሮች አሉት። ለአጭር ጊዜ ጎብኚ ሁሉም እንደ አንድ አገር ይቈጠራሉ። የሚፈቀደውም በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቈጠራል። እንግዲህ 45 ቀን በሮማ፣ 45 ቀን በበርሊን የተቀመጠ ሰው 90ውን ጨርሷል።

በዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ከጥር 1 እስከ መጋቢት 30 በትክክል 90 ቀን ነው። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ግን፣ ጳጉሜ በመካከል ስለምትገባ፣ ቢያንስ 95 ቀን ይሆናል። በፈረንጆችም አቈጣጠር ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለው 92 ቀን ነው። ስለዚህ «ሦስት ወር» ብሎ በግምት መሄድ አይገባም፤ ነጋዴ የመጋዘኑን ዕቃ አንድ በአንድ እንደሚቈጥር ቀኑንም አንድ በአንድ ይቍጠር።

ከ90 ቀን በላይ በአንድ አገር ለመቀመጥ ያሰበ ሰው፣ የዚያን አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ለማግኘት የሚያበቃ ምክንያት እንዳለው አስቀድሞ ኤምባሲውን ይጠይቅ። ይህ ቪዛ በየአገሩ ሕግ የሚሰጥ ስለ ሆነ ሁኔታው ልዩ ልዩ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ መግቢያ ብዛት

የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት እንዲቆም፣ ማመልከቻ የሚመረመርበትም ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። የዚህን ውጤት በምሳሌ እንመልከት።

አንድ ነጋዴ በሮማ ልጁን፣ በለንደን ወንድሙን ለመጠየቅ 115 ቀን መድቧል እንበል። በሮማ 40 ቀን ተቀምጦ፣ 30 ቀን ለንደን ሰንብቶ፣ ለቀሪው 45 ቀን ወደ ሮማ ልመለስ ቢል፣ የሼንገን ቀኑ 85 ብቻ ስለ ሆነ በቀን በኩል ጥፋት የለበትም። ነገር ግን የአንድ ጊዜ መግቢያው ወደ ለንደን ሲሻገር አብቅቷልና አይመለስም። ይኸው ሰው አስቀድሞ በእንግሊዝ ቪዛ 30 ቀን ለንደን ቢቀመጥ፣ ከዚያም 85 ቀን ሮማ ቈይቶ በቀጥታ ወደ አገሩ ቢመለስ፣ ሁሉም ይሟላለታል። ልዩነቱ የጉዞው ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉዞው ዓላማ

ዕረፍትንና ንግድን አጣምሮ የሚሄድ ሰው ዓላማውን በግልጽ ይጻፍ። ቻይና ለጉብኝት «ኤል»፣ ለንግድ «ኤም» የተባሉ ልዩ ልዩ ቪዛዎች ትሰጣለች። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በጓንጁ ከተማ ወደሚደረገው የንግድ ትርኢት ዕቃ ለመግዛት የሚሄድ ነጋዴ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። በሳውዲ ዐረቢያም የጉብኝት ቪዛ ሐጅ ለማድረግ አያበቃም፤ ለሐጅ የተለየ ቪዛ አለ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጎብኚ በዘመዱ ሱቅ ቆሞ ቢሸጥ፣ ደመወዝ ባይቀበል እንኳ፣ እንደ ሥራ ተቈጥሮ ሊያስጠይቀው ይችላል።

ስለ ዝግጅት

የሼንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊቀርብ ይችላል። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል ይሁን፤ የሕክምና መድንም ቢያንስ ለ30,000 ዩሮ መገባት አለበት። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ የሚከፈለው 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ኤምባሲዎቹ በአዲስ አበባ ስለሚገኙ፣ ከድሬዳዋ የሚነሣ ሰው አሻራ ለመስጠት የሚሄድበትን ቀንና ወጪ ጭምር ያስብ። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝና ሱቁን ለሚጠብቀው ሰው የተሰጠ ውክልና አብረው ቢቀርቡ፣ አመልካቹ ወደ ሥራው እንደሚመለስ ያስረዳሉ።

ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሼንገን አገሮች መግቢያና መውጫን በአሻራና በፊት ምስል መመዝገብ ጀምረዋል። ስለዚህ አንዲት ቀን ብታልፍ እንኳ ከመዝገብ አትሰወርም። ቀኑን ያሳለፈ ሰው የሚያጣው የሚመጣውን ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ለማየት፣ ውል ለመዋዋልና ደንበኛ ለማግኘት በሚያስፈልገው ጊዜም በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ነጋዴ በገበያ ለስሙ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ በድንበር መዝገብ ላይ ለሚጻፈው ስሙም ይጠንቀቅ። እንግዲህ ማንም ሰው የማመልከቻውን ወረቀት ከመሙላቱና የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛቱ በፊት፣ የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን ቀኖች በሁለቱም አቈጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ይደምር።